ውሃም አተላ አለው

አለፍሁ! ሰምታችኋል? አለፍሁ! ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተደወለልኝ። «ወይዘሮ ሥርጉት ነሽ?» አለችኝ ልጅቱ። «ነኝ» አልሁ። «የውሃ ማሞቂያ ጥገና ምዘናውን አልፈሻል፤ መጥተሽ ወረቀትሽን ውሰጂ» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ እልል አልሁበት፤ የልጅቱ ጆሮ እስካሁን ሳይጮህ አይቀርም። ይኸውላችሁ ወረቀቱ! ፎቶው እኔን አይመስልም፤ ስሙ ግን የኔው ነው። ማህተሙ ገና አልደረቀም፣ በጣታችሁ እንዳትነኩት።

እህ... ይቅርታ። ሰላምታ ይቀድም ነበር። የእንግዳ መቀበያው ስመኘው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። «መጀመሪያ ክቡራትና ክቡራን በይ፣ ቀጥለሽ አመስግኚ፣ ከዚያ አጭር አድርጊው» ይላል። የመጨረሻውን እንደማልችለው እሱም አይጠፋውም።

እንግዲህ ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር አቶ ወልደ ሥላሴ የፔንሲዮናችን ባለቤት፣ እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከቡሬ ድረስ የመጣኸው ወንዳወቅም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ስለ ኬኩ፣ ስለ ለስላሳው፣ ካሰች ስለሠራችው ወጥ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ይህን ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስወለውለው ኖሬ ዛሬ ገና ተቀመጥሁበት። ለካ ይወዛወዛል! እንግዶቹ ሲያማርሩ ውሸታቸውን አልነበረም። አቶ ወልደ ሥላሴ፣ ይህን የመጨረሻ ሪፖርቴ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ አዲስ ለሆናችሁት ልንገራችሁ። እኔ የዚህ ፔንሲዮን አልጋ አንጣፊ ነኝ። አሥራ አራት ክፍል፣ አሥራ አራት መታጠቢያ፣ በየመታጠቢያው ግድግዳ ላይ አሥራ አራት ቦይለር። ከወር በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ያኔ ውጤቱ አልታወቀም። ወረቀቱ ከሌለ ንግድ ፈቃድ የለም፤ ፈቃዱ ከሌለ ሱቁ የለም። ሱቅ የምትሆነኝ ክፍል ግን ጥቅምት ሳያልቅ ካልገባሁባት ለሌላ ሰው ልትሰጥብኝ ነው። መልቀቂያ ደግሞ ወር ቀድሞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ምን አደረግሁ? በአርባ ስምንት ዓመቴ ያለችኝን አንዲት ሥራ ለቅቄ ውጤት መጠበቅ ጀመርሁ። ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሌላ የሚደግፈኝ የለኝም። ብወድቅ ኖሮ ዛሬ ሥራም ወረቀትም የሌላት ሴት ሆኜ ነበር ይህን ኬክ የምቆርሰው። እናንተም ታውቁት ነበር። ሰሞኑን ስትስሙኝ እኮ ለቅሶ የምትደርሱ ነበር የምትመስሉት!

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት በስድስት ቁጥር ቦይለር ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ሲጠጡት ምንም አይል፤ ሲፈላ ግን ነጭ ነገር ይተዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ከፍቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሁላችንም በማንቆርቆሪያው ውስጥ አይተነዋል፤ በቦይለሩ ውስጥ ይኖራል ብሎ ያሰበ ግን የለም። የስድስት ቁጥር ቦይለር እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። አንድ የእህል ነጋዴ ከነሳሙናው፣ በፎጣ ብቻ፣ «ሊፈነዳ ነው!» እያለ ደረጃውን ሲወርድ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ያላያችሁም አልቀረባችሁም።

ጠጋኙ ወንዳወቅ ከቡሬ በሞተር ይጠራል። ይመጣል። ጆሮውን ይለጥፋል። በካቻቢቴው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። «ሞቷል» ይላል።

«ምን ገደለው?» እለዋለሁ።

«ዕድሜ።»

«ዓመት ከመንፈቁ እኮ ነው!»

«የዘንድሮ ዕቃ ዕድሜው አጭር ነው፣ እትዬ። አዲስ ይገዛ።»

አዲሱን የሚሸጠው ማን ነው? እሱው ነው። ወንዳወቅ፣ አትሳቅ፤ ሐኪምም ሬሳ ሳጥን ሻጭም ሆኖ የሠራ ካንተ በቀር አላየሁም። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ቦይለር ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተደረደረ። የአቶ ወልደ ሥላሴ ዶሮዎች እንኳ ገብተው እንቁላል መጣል ጀመሩበት። ከእንግዶቻችን ይልቅ በቦይለሩ የተጠቀሙት እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ወንዳወቅ አንዱን አውርዶ ሲያጋድለው ነጭ ዝቃጭ ዱብ ዱብ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት።

«አፈር ነው።»

«አፈር በየት በኩል ገባ?»

«እትዬ ሥርጉት፣ አንቺ አንሶላሽን ጠብቂ።»

አንሶላዬን ጥዬ ወደ ካሰች ሄድሁ። ካሰች የገበዝ ማርያም ልጅ ናት፤ ጠላ የምትጠምቅ እጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ካሰች» አልኋት፣ «ጠላ ሲያልቅ በጋኑ ውስጥ ምን ይቀራል?»

«አተላ ነዋ።»

«ጋኑንስ ምን እናደርገዋለን?»

«በግራዋ እናሻለን፣ በወይራ እናጥናለን። ምነው እቴ፣ ዛሬ ጠፋሽ?»

«እንግዲያው ግራዋሽን ይዘሽ ተነሺ። ውሃም አተላ አለው።»

መብራቱን አጠፋን፣ ውሃውን ዘጋን። ይህን ይህን ከወንዳወቅ አይቻለሁ፤ ያን ያህል አላበድሁም። የስምንት ቁጥርን ቦይለር ከሥሩ ያለውን ክዳን ፈታነው። እናንተ! አንድ ሣፋ ሙሉ ነጭ ጠጠር ወረደ። ማሞቂያው ብረት ኖራ ተደርቦበት ክንዴን አክሏል። በሕይወት የተቀበረ ብረት እኮ ነው! እኛ ስንት ዓመት ሙሉ ያልሞተ ስንቀብር ኖርን።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ጋን አጥቦ ሳያጥን የሚተው ሰው አለ? ግራዋውን እስከ ክንዴ አስገብቼ አሸሁት። ከዚያ ካሰች አንጋጥጣ ተመለከተችው። «ጋን ሲታጠን እኮ ገልብጠን ነው የምንደፋው። ይኸስ ሲፈጠርም አፉ ወደ ታች ነው። ምን ያማረ ነው!» አለች። ገሉን አመጣች። ወይራውን አጨስነው። ጢሱ እየተንቦለቦለ ሲገባ ሁለታችንም ኮራን። የክዳኑ ጎማ ጠርዙ ለብለብ ሲል «አይዶለም፣ ምንም አይል» ተባባልን። ገጠምነው፣ ሞላነው፣ መብራት ከፈትን። ዝም አለ። ኮሽ የማይል፣ ጨዋ ቦይለር ሆነ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በአሥር ሰዓት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ወደ ፈረስ ቤት ከተማ ሲሄዱ እኛ ዘንድ አረፉ። አክብረን የትኛውን ክፍል ሰጠናቸው? ስምንት ቁጥርን! ከመታጠቢያው ሲወጡ ኮሪደሩ በሙሉ የሠርግ ቤት ሸተተ። ረጋ ብለው ወደኔ መጡ።

«ልጄ» አሉኝ።

«አቤት አባቴ።»

«እኔ የመጣሁት ልታጠብ ነው እንጂ ልጠመቅ ነው እንዴ? ጠላ ሆኜ ወጣሁ እኮ።»

ስመኘው ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሲስቅ ነበር። ክራቫቱ ብቻ ነበር የሚታየው። አቶ ወልደ ሥላሴ ደረሱ። አሸተቱ። ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የካሰችን ገል አዩ። የተናገሩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። «ሥርጉት! ሁለተኛ ቦይለር ብትነኪ በዚያው ቀን ከዚህ ቤት ትወጫለሽ!»

እናንተስ? እግዜር ይስጣችሁ፣ አጽናናችሁኝ! «ጠማቂዋ» የሚል ስም ሰጣችሁኝ። ስመኘው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እትዬ፣ የስንት ቁጥሩ ደረሰ? ጉሽ ነው ፊልተር?» እያለ ሰላም አለኝ። የዚያን ጊዜ አልሳቅሁም። ዛሬም አልስቅም... ትንሽ ብቻ።

ያየሁት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ያ ብረት አልሞተም ነበር። በዚያው ሰሞን ወደ አቶ ወልደ ሥላሴ ሄጄ ከተጣሉት ቦይለሮች አንዱን ለመንኋቸው።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለዶሮዬ ማደሪያ።»

ዶሮ የለኝም። አቶ ወልደ ሥላሴ፣ ይህን ዛሬ በሰው ፊት ተናዘዝሁ።

ቤቴ ወስጄ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጓሮዬ ላይ ስፈታ ስገጥም ከረምሁ። ጉንፋን ይዞኝ ለሻይ ሎሚ ስቆርጥ ጠብታው ከነጩ ጠጠር ላይ አረፈ፤ ጠጠሩም ቲስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ጉንፋኔን ረሳሁት! ሎሚ የሚያደርገውን አቼቶም እንደሚያደርገው አወቅሁ። ብረቱን አቼቶ ውስጥ ስዘፈዝፈው ያ ሁሉ ኖራ እንደ ቅርፊት ተገሸለጠ። የቀረውን በእንጨት መፋቅ እንጂ በብረት አለመንካትን ተማርሁ፤ በብረት የፋቅሁት የውስጡ ቅብ ተልጦ ዛገብኝ። ከመፍታት በፊት ውሃው እስኪቀዘቅዝ መታገሥን ተማርሁ፤ ይህን ክንዴ ያስታውሰኛል። ቱቦ ከሥሩ ሰክቶ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቅ ዘጋ፣ ለቀቅ ዘጋ እያደረጉ አተላውን ማስወጣትን፣ ጥርት ያለ ውሃ እስኪመጣ አለመታከትን ተማርሁ። ደግሞም ውሃ ሳይሞሉ መብራት መክፈት ብረቱን እንደሚያቃጥለው ተማርሁ። እንዴት ተማርሽ አትበሉኝ። አንዱን ራሴ ገደልሁት። ያኛው በእውነት ሞቷል።

የቀሩትንም አንድ በአንድ እየለመንሁ ወሰድሁ፤ ከሰባቱ አምስቱ ተነሡ። ለጎረቤቶቼም የየቤታቸውን እያጠብሁ ሰጠሁ። እዚህ ስመጣ ግን አንሶላዬን ጠባቂ ነበርሁ።

ከዚያ ያ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ መጣ። ከባሕር ዳር ዕቃ አይገባም፤ ወንዳወቅም ከቡሬ መምጣት አልቻለም። አንድ ቀን አቶ ወልደ ሥላሴ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ወረዱ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ! የተሰጣ አንሶላ ጫፉን ይዘው ያሹት ጀመር።

«ሥርጉት» አሉ፣ «ዶሮሽ ደኅና ናት?»

ያውቃሉ ማለት ነው! እኔም «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙቅ ቤት አላት» አልሁ።

«ጥሩ ነው። ሙቅ ቤት ጥሩ ነው። እናቴ ግን... ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ካላሹላት ከአልጋ አትነሣም። የቤታችን ቦይለር ዝም ካለ አራተኛ ቀኑ።»

«ያሳዝናል። ቦይለር ከነካሁ ግን ከዚህ ቤት እወጣለሁ የተባልሁ መስሎኝ?»

አንሶላውን ለቀቁት። «ያ ለዚህ ቤት ነው። የእናቴ ቤት ሌላ ቤት ነው» አሉ።

እንዲህ ያለ ብይን የትም ፍርድ ቤት አይገኝም። ሄድሁ። እናታቸው በርጩማ አስመጥተው ከመታጠቢያው በር ላይ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ። ጠጠሩ በሣፋው ላይ ሲንኳኳ እጃቸውን ዘርግተው አንድ እፍኝ ያዙ።

«ይህ ሁሉ በኔ ቤት ነበር?»

«በሁሉም ሰው ቤት አለ፣ እማማ።»

«አንቺስ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ከልጅዎ ዘንድ አንሶላ አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ።»

እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን የሚያውቅ እጅ አንሶላ ታሳጥባለህ? ዓይን የለህም?» አሏቸው። አቶ ወልደ ሥላሴ የዚያን ጊዜም ጣሪያ ነው ያዩት። ጣሪያ ማየት ይወዳሉ። በማግስቱ «ማን ሠራው?» ተብለው ሲጠየቁ «ወንዳወቅ» ብለዋል። ወንዳወቅ፣ አንተ እኮ ቡሬ ነበርህ!

እኔ ግን የእማማን ቃል ይዤ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና ልመዘን ተመዘገብሁ። ከኔ ጋር የተቀመጡት ሁሉ ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። መጀመሪያ ወደቅሁ። «የመጀመሪያው የደኅንነት እርምጃ ምንድን ነው?» ይላል ጥያቄው። «ማማተብ» ብዬ ጻፍሁ። መዛኙ ጠርቶ «መልሱ መብራት ማጥፋት ነው» አለኝ። «መብራቱንማ አጠፋለሁ፤ ግን አማትቤ ነው የማጠፋው» አልሁት። አልሰማኝም። ዘንድሮ መስከረም ላይ ድጋሚ ተቀመጥሁ። «መብራት ማጥፋት» ብዬ ጻፍሁና ከጠረጴዛው ሥር አማተብሁ። ሁለቱም ሠራ።

አሁን የዛሬ ጠዋቱን ልንገራችሁ፤ ገሚሶቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለዚህ ነው አንገታችሁን የደፋችሁት። ተደውሎልኝ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ፣ እየሮጥሁ ወደ ስመኘው መጣሁ። «የመልቀቂያዬን ቅጂ በማህተም ስጠኝ!» አልሁት። ወር ሙሉ ስጠይቀው «የማህተሙ ቀለም አልቋል» ነበር መልሱ። ዛሬ መሳቢያውን ከፈተ። ደብዳቤዬ እዚያው ተኝቷል። ፊርማ የለው፣ ማህተም የለው፣ ቁጥር የለው። ከጎኑ የማህተሙ ቀለም አለ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ምነው ስመኘው?» አልሁት።

«እትዬ ሥርጉት... ብትወድቂስ?»

ያ በጉሽና በፊልተር ሲቀልድብኝ የኖረ ሰው የክራቫቱን ጫፍ ያሽ ጀመር።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። አቶ ወልደ ሥላሴም ‹ደብዳቤ የሚባል ነገር አልደረሰኝም› አሉኝ። እኔው ራሴ እጃቸው ላይ አድርጌው ነበር፤ መልሰው ሰጡኝ።»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። በኔ ቦታ ሰው ለምን እንዳልተቀጠረ፣ ካሰች ለምን «ቁልፍሽን ቆይተሽ ትመልሺያለሽ» እንዳለችኝ ገባኝ። እናንተ ጉዶች! እኔ ሱቄን ሳስብ እናንተ መውደቂያዬን አንጥፋችሁ ትጠብቁኝ ነበር። እንደምታልፊ አናምንም ማለታችሁ ነው። ብወድቅም ከሜዳ አትወድቂም ማለታችሁም ነው። ታዲያ ልቀየማችሁ ወይስ ልሳማችሁ? መወሰን አቅቶኝ መጋዘን ገባሁና አንሶላ ላይ አለቀስሁ። አንሶላው የአምስት ቁጥር ነው፤ ካሰች፣ እንግዳው ሳይመጣ ለውጪው።

እንግዲህ ውሳኔዬን ስሙ። ስመኘው፣ ማህተሙን ከነቀለሙ ወዲህ አምጣው። ደብዳቤውንም። አሁን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እያየ። አቶ ወልደ ሥላሴ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ። ጣሪያውን አይዩ፣ ወረቀቱን ይዩ። ቀስ ይበሉ፣ አንቸኩልም፤ አንቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታግሠውኛል። እሰይ። ስመኘው፣ ምታው! ጠንከር አድርገህ! ... ይኸው። ከዚህ በኋላ የምመለስበት መሳቢያ የለኝም። ግን ደስ ይላል፣ እናንተ፣ ደስ ይላል!

ለአቶ ወልደ ሥላሴ፦ እናትዎን በጤና ያቆይልዎ፤ ቤትዎ እንግዳ አይጣ። ለካሰች፦ እጅሽ አይዛል፣ ያሰብሽው ይሙላ። ለስመኘው፦ ስታገባ እኔን ከሚዜዎቹ በፊት እንድትጠራኝ፤ ቤትህን ሳቅ ይሙላው። ለሁላችሁም እግዚአብሔር እኔ ዛሬ የሰማሁትን ዓይነት ስልክ ያስደውልላችሁ። የፈራችሁት ይቅለላችሁ፤ የተመኛችሁት በደጃችሁ ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስመኘው ሰዓት አትይ። ወንዳወቅ ቅድም ጆሮዬ ላይ መጥቶ «እትዬ፣ የቤቴ ቦይለር ይንጣጣል፤ ለሰው እንዳትነግሪ» ብሎኛል። አልነገርሁም፤ ለእናንተ ብቻ ነው ያልሁት። የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሱ ነው። ቦይለሩን ከቡሬ በባጃጅ ጭኖ ያመጣል፤ እኔም ሱቄ በር ላይ፣ በፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ እፈታዋለሁ። መሪጌታ ክንፈሚካኤልም ሊባርኩልኝ እንደሚመጡ ልከውብኛል፤ «ወይራ እንዳታጨሺ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። በግ ይታረዳል። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ስለሆነ ሰበብ የላችሁም። ካልመጣችሁ በየቤታችሁ እየዞርሁ ቦይለራችሁን እፈታለሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ሰማያዊ በር ናት። በሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ ኅዳር አሥራ ሦስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።